የነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ በርቀት ይሆናል ወይ? የ21 መልሶች ክር

መነሻው

በነርስነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አምስቱን በጽኑ ሕሙማን ክፍል። ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ሥራ መልቀቅ ግን አልችልም። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ እንቅልፍ እንቢ ባለኝ ጠዋት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ነገር ጻፍኩ። ያልኩት ባጭሩ ይህ ነበር፦ የነርስ እጅ የሚፍታታው በመጀመሪያው ዲግሪና በሥራ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ዲግሪ ንባብና ጽሑፍ ነው፤ ንባብና ጽሑፍ ደግሞ የትም ተቀምጦ ይሠራል፤ ስለዚህ በርቀት መማር ክፍል ገብቶ ከመማር ምንም አያንስም።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ያንሳል የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ ብዬ ጨመርኩበት። መጡ።

አዲስ ገቢዎች ክሩን ከየት እንደሚጀምሩ ስለቸገራቸውና የሁለት ሰዎች መልስ ከፊሉ በአወያዩ ስለተቆረጠ፣ ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አልፎ አልፎ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ፤ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና ይፈቀድልኝ።

መልስ 1

ትሕትና የተሞላ መልስ ነበር። ጸሐፊዋ ነርሶችን ለማስተማር የሚያበቃውን ሁለተኛ ዲግሪ በርቀት የጨረሰች ናት። በሐሳቤ እንደምትስማማ ገልጻ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆቿ ሳይነሡ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምራ እያነበበች እንደተመረቀች፣ ክፍል መግባት ግዴታ ቢሆንባት ኖሮ ግን ገና ድሮ ትታው እንደነበር ነገረችን። መጨረሻ ላይ በየትኛው ዘርፍ ልማር እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ አለፍኳት፤ ጥያቄዋን አልመለስኩም። ሁሉም ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

መልስ 2

ይኼኛው ጥያቄዋን ከወደቀበት አነሣው። ሁለተኛ ዲግሪ ሲባል አንድ ነገር እንዳልሆነ፣ አስተዳደር፣ ማስተማር፣ የጤና መረጃ ሥርዓትና የመሳሰሉት በአንድ ወገን፣ ነርስ ፕራክቲሽነርነት፣ አዋላጅነትና ሰመመን ሰጪነት በሌላ ወገን እንደሚቆሙ አስረዳ። በፊተኞቹ ላይ የእኔ አባባል ብዙም እንደማይከፋ አምኗል። በኋለኞቹ ላይ ግን ፈጽሞ እንደተሳሳትኩ ነው የጻፈው።

ማስረጃው ይህ ነው። የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና የተጀመረው በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጀመሩትም ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሙያው አድጎ፣ ዛሬ ባለሙያዋ በሽተኛውን ራሷ መርምራ፣ የያዘውን ነገር ለይታ፣ ሕክምናውን ትወስናለች። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሥራ ዝቅተኛው መመዘኛ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። መላሹ ይህን ሁሉ የደረደረው አንድ ነገር ለማለት ነው፦ ስምንት ዓመት የታዘዘ መድኃኒት በትክክል የሰጠ እጅና ማዘዣ የሚጽፍ እጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለተፍታታ ሁለተኛው ተፍታቷል ማለት አይቻልም።

እኔ የምፈልገው ይህንኑ ዘርፍ ነበር። ጻፍኩለት፤ ቀድሞም ጠርጥሮ እንደነበር መለሰልኝ።

መልስ 3

ክሩን እንደሚከታተል ገልጾ፣ ርካሹ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። እስከ ዛሬ የመለሰለት የለም።

መልስ 4

ታሪክ ወዳዱ ደረሰ። ክሩ ውስጥ ረጅሙ መልስ የእሱ ነው። የርቀት ትምህርት ኢንተርኔት የወለደው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ከ1858 ተነሣ፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን እዚያው ያልተከታተሉ ሰዎች ፈተናውን ወስደው ዲግሪ እንዲያገኙ የፈቀደበት ዓመት ነው። ከዚያ በ1969 ወደተመሠረተውና ከ1971 ጀምሮ ትምህርቱን በቴሌቪዥን ጭምር ወደሰጠው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ።

ለእኔ የጠቀመኝ ግን ሦስተኛው ምሳሌው ነው። ሜሪ ብሬከንሪጅ በ1925 በኬንታኪ ተራሮች አንድ የጤና አገልግሎት አቋቁማ ነበር፤ ነርስ አዋላጆቹ ወደ እናቶች የሚሄዱት በፈረስ ነበር። ከዚሁ አገልግሎት የበቀለው የአዋላጆች ትምህርት ቤት በ1989 የርቀት ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪዋ መኖሪያዋን ሳትለቅ ትማራለች፤ ተግባሩንም እዚያው በአካባቢዋ ልምድ ካላት አዋላጅ ጋር ትሠራለች። በመላሹ አስተያየት ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ነርስ የጠፋበት ቦታ ያለችውን ነርስ ለትምህርት ብለው ቢወስዷት አትመለስም፤ ስለዚህ ትምህርቱ ወደ እሷ ይሂድ። ከዚህ በኋላ ስለ ፈረሶቹ ብዙ ጻፈ፤ ፈረስ ጋላቢ ነርሶች ወንዝ እንዴት እንደሚሻገሩ ሳይቀር። እሱን እዘለዋለሁ።

መልስ 5

ተግባር ተግባር እያልን ራሳችንን እንደምናስጨንቅ ታዘበን። በአሜሪካ የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2014 ይፋ ያደረገውን ጥናት ጠቅሶ፣ ከሆስፒታል ልምምዱ እስከ ግማሽ ያህሉ በጥሩ ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ሥራ በሚያስመስል ልምምድ፣ ቢተካ የተማሪዎቹ ብቃት እንዳልቀነሰ አስታወሰን። ሲሙሌሽን ደግሞ በኮምፒውተርም ስለሚሠራ ነገሩ አለቀ ባይ ነው። በጣም እርግጠኛ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ የምስጋና ምልክት ሰጠሁት። አሁን አንሥቼዋለሁ።

መልስ 6

ይህችን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤያታለሁ። ጸሐፊዋ ነርስ ፕራክቲሽነር ናት፤ የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በሥራዋ ላይ ተቀብላ ታሠለጥናለች፤ ፕሪሴፕተር የምንላት ማለት ነው። ስለ 5ኛው መልስ ምንም ሳትናገር በቀጥታ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደችን።

ከማታውቃቸው ተማሪዎች ደብዳቤ ይጎርፍላታል። አብዛኞቹ የትምህርት ቤቱን ስምና የሚፈለገውን ሰዓት ብቻ ይጽፋሉ፤ ማኅተም የሚለምኑ ነው የሚመስለው። አንድ ተማሪዋ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ የበሽተኞች ካርድ ሲያገላብጥ ውሎ፣ ያ ሁሉ በሽተኛ በማየት ያሳለፈው ሰዓት ተብሎ እንዲፈረምለት አቀረበ። አልፈርምም አለች። ትምህርት ቤቱ ደውሎ ትንሽ እንድትለሳለስ ለመናት። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ተማሪ ብቻ ትቀበላለች፤ እሱንም ቢሆን የትምህርት ክፍሉ መምህር ቀድሞ በስልክ ካላነጋገራት አትቀበልም።

ሥራው ምን እንደሆነም ዘረዘረችው። ተማሪው ብቻውን ገብቶ ታሪክ ይወስዳል፣ ይመረምራል፤ ይወጣና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠቅልሎ ያቀርብላታል፤ ምን እንደጠረጠረና ለምን ሌላውን እንደተወው ይከራከራል። ከዚያ አብረው ተመልሰው ይገባሉ፤ እሷ የሰማችውን ሳንባ ድምፅ እሱ ሰምቶት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ለአንድ በሽተኛ የሚሄደው ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ የቀጠሮው ብዛት ግን አይቀነስላትም። ወደ ቤቷ የምትገባው መሽቶ ነው። በርቀት ለሚማር ሰው የትምህርት ቤቱ ዓይን የእሷ ዓይን ብቻ እንደሆነ፣ የእሷ ፊርማ ከረከሰ ደግሞ ዲግሪው ባዶ እንደሚሆን ነው የደመደመችው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረች። የልምምድ ቦታ እንደሚያገኙላችሁ የሚነግሩ ፕሮግራሞች ውላቸው ላይ እናመቻቻለን ይሉ እንደሆነ ወይስ እንረዳለን ብቻ፣ ቃሉን ፈልጋችሁ እዩ። መርዳት ማለት አንዳንዴ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር መላክ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

መልስ 7

5ኛውን ለማረም የገባ ነው፤ አስተራረሙ ጨዋ ነበር። የ2014ቱ ጥናት ራሱ ትክክል እንደሆነ ተቀበለ። ነገር ግን የተጠኑት በአሥር ትምህርት ቤቶች የሙያ ፈቃድ ገና ያላገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ሲሙሌሽኑም በሠለጠነ አስተማሪ የሚመራና ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ውይይት ያለው ነበር። ብቻውን ስክሪን ላይ ቁልፍ የሚጫን ሰውን አይመለከትም። ለነርስ ፕራክቲሽነር በአሜሪካ የሚሠራበት መመዘኛ በቀጥታ ከበሽተኛ ጋር የሚያልፈውን ሰዓት ለብቻው ይቆጥራል፤ ዝቅተኛው 500 ሰዓት የነበረው በ2022 ወደ 750 ከፍ ብሏል። ፕሮግራሙ በርቀት መሆኑ አንድ ሰዓት አያስቀንስም።

ከዚያ ሌላ ሰው ሊጠይቀው የሚችለውን አስቀድሞ መለሰ። አንዳንዶች የሚጠሩት 1000 ሰዓት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ያለውን ሁሉ ደምሮ ለተግባራዊው የነርሲንግ ዶክትሬት የተቀመጠ ነው፤ ለምርምሩ ዶክትሬት አይደለም። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር በ2004 እስከ 2015 ድረስ የከፍተኛ ነርሶች መግቢያ ተግባራዊው ዶክትሬት እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ ለነርስ ፕራክቲሽነር ሁለተኛ ዲግሪው ግን ዛሬም አልቀረም። 5ኛው መልሱን አላሻሻለም፤ ግን ጠፋ።

መልስ 8

እዚህ ላይ ነው አየሩ የተለወጠው። ጸሐፊው ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። በርቀት የተማረን ሰው ራውንድ ላይ፣ በሽተኞች በቡድን እየተዞሩ ሲታዩ፣ በአምስት ደቂቃ እንደሚለይ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ስልኩን እንደሚፈልግ፣ እነዚህ ሰዎች ዕውቀት ሳይሆን ወረቀት ሰብሳቢዎች እንደሆኑ ጻፈ። ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ በ2023 በአሜሪካ የፈነዳውን የሐሰት ዲፕሎማ ጉዳይ አመጣ፤ በፍሎሪዳ ከሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማና የትምህርት ማስረጃ ተሸጧል ተብሎ 25 ሰዎች የተከሰሱበት ነው። በእሱ ሚዛን ርቀት ማለት የዚህ በር መክፈቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የነበሩትን ሦስት መስመሮች አወያዩ ቆርጧቸዋል፤ መቆረጣቸው አግባብ ነበር።

መልስ 9

በዚያው ቋንቋ መለሰችለት። የፍሎሪዳው ወንጀል ከርቀት ትምህርት ጋር ምን እንዳገናኘው ጠየቀችው፤ ወረቀቱ የተሸጠው በስክሪን ስለተማሩ ሳይሆን ጨርሶ ስላልተማሩ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም አድራሻ የነበራቸው ናቸው፤ የተሸጠውም የመጀመሪያ ደረጃ ዲፕሎማ እንጂ ሁለተኛ ዲግሪ አልነበረም። ሕንፃ ሌብነትን አያግድም ባይ ናት። ይህ ድንቅ መልስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሰውየው ራውንድና ስለ ጀርባው የጻፈችው አላስፈላጊ ነበር፤ እሱም ተቆረጠ።

ከዚህ ጭቅጭቅ አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣ። ትምህርት ቤቱ እውቅና አለኝ ሲል የራሱን ድረ ገጽ አለማመን፤ እውቅና ሰጪው አካል ወዳወጣው ዝርዝር ሄዶ መፈለግ፤ እውቅና ሰጪው ራሱ በመንግሥት የሚታወቅ መሆኑንም ማየት። የሌሉ እውቅና ሰጪዎችን ፈጥረው ራሳቸውን የሚያጸድቁ አሉና።

መልስ 10፣ 11 እና 12

ክሩ መስመሩን ሳተ። 10ኛው ሁለቱን ሊያስታርቅ መጥቶ ኔልሰን ማንዴላን አነሣ። ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 እስር ላይ ሳሉ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት አግኝተዋል፤ ታዲያ ግንብ ያላገደውን ትምህርት እኛ ለምን እንንቃለን ነው ነገሩ። 11ኛዋ ባንድ መስመር ገደለችው፦ ሕግ ስትማር ከፊትህ የሚተነፍስ በሽተኛ አያስፈልግህም። 12ኛው ደግሞ ሕግም ቢሆን ችሎት ያስፈልገዋል ብሎ ተነሣ፤ ሁለቱ ስለ ጠበቆች ልምምድ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። 11ኛዋ ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ። የማንዴላ ምሳሌ ጽናትን ያሳያል፤ የእኔ ጥያቄ ግን የጽናት አልነበረም።

መልስ 13

ጡረታ የወጡ የነርሲንግ መምህርት ናቸው፤ በመድረኩ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ማንንም አልተቆጡም፤ ግን ሁላችንም ዝም አልን።

በመጀመሪያ ርቀት የሚለውን ቃል እንደገና እንድናይ ጠየቁ። ማይክል ሙር የሚባሉ የትምህርት ምሁር ዋናው ርቀት የኪሎሜትር ሳይሆን በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት እንደሆነ ማስተማራቸውን አወሱ። ሲስተር ሁለት መቶ ሰው በሞላበት አዳራሽ ሲያስተምሩ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ በደብዳቤ ካስተማሩት ሰው ይልቅ ይርቃቸው እንደነበር ተናዘዙ። የደብዳቤውን ተማሪ ጽሑፍ መስመር በመስመር አርመው ይመልሱለት ነበርና። ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጡ ቪዲዮው ምን ያህል ያምራል አትበሉ፤ የላካችሁትን ሥራ ማን አንብቦ በስንት ቀን እንደሚመልስ ጠይቁ ነው ምክራቸው።

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 የነርስን ብቃት ከጀማሪ እስከ ሊቅ በአምስት ደረጃ ከፍላ ነበር። ሁላችንም ይህን ተምረናል፤ እኔም ራሴን አምስተኛው ላይ አስቀምጬ እንደምኖር ሲስተር ያወቁብኝ ይመስለኛል። ቤነር ግን ሊቅ የሆነች ነርስም ልምድ ወደሌላት ቦታ ስትገባ ጀማሪ እንደምትሆን ተናግራለች። ሲስተር የፈሩልኝ ይህን ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞኒተሩ ይናገራል፤ በተመላላሽ ክፍል ግን ምንም የማያመው የሚመስል ሰው ፈገግ ብሎ ይገባል፤ ከአርባ ጤነኞች መካከል አንዱን በሽተኛ መለየት ሌላ ሙያ ነው። ክፍል ውስጥ የምትማር ጀማሪ ጀማሪነቷ ይታይባታል፤ ጓደኞቿ አጠገቧ ናቸው። በርቀት የሚማር ሊቅ ግን ጀማሪነቱን የሚያይለት ሰው ከሌለ፣ ሳያውቀው ይመረቃል።

በዚህ መልስ ምክንያት ነው የመነሻ ጽሑፌን ዛሬ ሳነብ የማፍረው።

መልስ 14

ስለ ወረቀት ጉዳይ ብቻ የጻፈ ደረቅ ሰው ነው፤ ከደረቅነቱ ብዛት ማንም ምስጋና አልሰጠውም። እኔ ግን አትምቼ ይዤዋለሁ። ፕሪሴፕተር መገኘቷ ብቻ በቂ አይደለም፤ የምትሠራበት ተቋም ከትምህርት ቤቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈረም አለበት። የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ተማሪው ስሕተት ቢሠራ የሚሸፍን የሙያ ኃላፊነት መድን ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ወራት ይወስዳል፤ ሴሚስተሩ ግን አይጠብቅም። ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ያለበት ቦታና ተማሪው የሚለማመድበት ቦታ ሕጋቸው ሊለያይ ይችላል፤ በአሜሪካ ውስጥ እንኳ አንዳንድ የኦንላይን ፕሮግራሞች ከተወሰኑ ግዛቶች ተማሪ አይቀበሉም። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ከመጻፍ በፊት ወደፊት ለሚሠሩበት ቦታ ፈቃድ ሰጪ መጻፍ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል።

መልስ 15

ካነበብኩት ሁሉ ያሳቀኝ ይህ ነው። ጸሐፊዋ የፋርማኮሎጂ ፈተናዋ በተረኝነቷ ሌሊት ላይ ወደቀባት። ጓደኛዋ ለሁለት ሰዓት ሊሸፍንላት ተስማምቶ፣ የአልጋ ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፈተናውን በካሜራ የሚጠብቅ ፕሮግራም ክፍሉን ዙሪያውን እንድታሳይ አዘዛት፤ አንሶላና ትራስ አሳየችው። አርባኛው ጥያቄ ላይ በሩ ተከፈተ። ጓደኛዋ ነው፤ የናርኮቲክ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበር። ቁልፉን ወርውራለት ቀጠለች። ፕሮግራሙ ግን ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ሰው እንደታየና አንድ ነገር እንደተቀባበሉ መዝግቧል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቀርባ የአንድ ሰው ሥቃይ ማስታገሻ ቁልፍ እንደነበረ በሁለት ገጽ ማስረዳት ነበረባት። ነጻ ወጣች። ምክሯ አጭር ነው፦ ፈተና ሲኖር ተረኝነት አትግቡ፤ ከገባችሁም ቁልፉን አስረክቡ።

መልስ 16

ቀጣዩ አያስቅም። ይህች ሴት ኮርሶቹን በሙሉ ጨርሳ በመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ቆማለች። የክፍል ኃላፊ ነች፤ የነርሶችን የሥራ መሰላቸትና ድካም በራሷ ክፍል ልታጠና አሰበች። ሰዎቹን ታውቃቸዋለች፣ ፈቃድ ማግኘትም ቀላል ነው ብላ ነበር። የሥነ ምግባር ገምጋሚው ኮሚቴ መለሰባት። ምክንያቱም የሥራ ፈረቃቸውን የምታወጣላቸው አለቃ መጠይቅ ስትሰጣቸው እንቢ ማለት አይችሉም፤ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ መልስ አይሆንም። ኮሚቴው ትክክል እንደነበረ ዛሬ ታምናለች። የሚቆጫት ግን አማካሪዋ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አይተው ይህን አለማንሣታቸው ነው። እዚያው ግቢ ብትሆን በኮሪደር ላይ አንድ የምርምር መምህር አግኝታ በአምስት ደቂቃ ይነግራት ነበር ብላ ታስባለች። ለኢሜይል መልስ ስትጠብቅ አምስት ወር ሄደ፤ ከዚያም ፋይሉን መክፈት አስጠላት።

ከክሩ ሁሉ ርቀት ምን እንደሚነፍግ በግልጽ ያየሁት እዚህ ነው። ያ የኮሪደር ሰው በየትኛውም ፕሮግራም የኮርስ ዝርዝር ውስጥ የለም።

መልስ 17

ለ16ኛዋ የጻፈ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ነርስ አይደለም። ጥናቱን በሌላ ሰው በኩል፣ ስም በማይጠየቅበት መንገድ ወይም ከራሷ ክፍል ውጭ ብታደርገው ኮሚቴው ሊቀበለው እንደሚችል ጠቆማት። ከዚያ ለሁላችንም ጠቃሚ የሆነ ነገር ጨመረ። በርቀት የሚማር ሰው የመጀመሪያ ሥራው የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ከቤት ሆኖ መክፈት መቻሉን መፈተሽ ነው። ፐብሜድ የተባለውን የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ከ1997 ጀምሮ ማንም በነጻ ይፈልግበታል፤ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ የጽሑፉን አጭር መግለጫ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ በተባለው ፕሮግራም አቅም በሌላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት ሙሉ መጽሔቶቹን እንዲያነቡ ያደርጋል፤ የሚመዘገበው ግን ተቋሙ ነው፤ ስለዚህ የምትሠሩበት ሆስፒታል ቀድሞ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ማንም ሳይጠይቀው ዋቢ አያያዝ ላይም አንድ ትምህርት ሰጠን። 16ኛዋ ለዚህ መልስ ከሁለት ቀን በኋላ አመሰገነችው፤ ኮሚቴውን ስለ ሌላ ክፍል እንደጠየቀችም ጻፈች።

መልስ 18

የአንዲት ተማሪ ነርስ ባል ነው። በፈተና ጠዋት ልጆቹን ይዞ ከቤት የሚወጣው እሱ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ እንደሚለምን ጻፈ፦ የሴሚስተሩን ቀናት አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ ያለ አይመስልም።

መልስ 19

በየሳምንቱ አንድ የውይይት ጽሑፍና ለሁለት ጓደኞች መልስ መጻፍ ግዴታ የሆነበት ተማሪ ብሶቱን አወጣ። ሁሉም እሑድ ማታ ድንቅ ሐሳብ ነው ተባብሎ ነጥቡን ይወስዳል ይላል። አንድ ጊዜ ሆን ብሎ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ጻፈ፤ ሁለት ሰዎች አመሰገኑት፤ ያረመው የለም። ይህ ቀልድ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ 7ኛውና 9ኛዋ ያሉበት እንዲህ ያለ ክር ውስጥ ቢሆን በአሥር ደቂቃ ይታረም ነበር። ቀሪው መልሱ ስለ ዓይን መነጽርና ስለ ስክሪን ብርሃን ነው።

መልስ 20

8ኛው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። የፍሎሪዳው ምሳሌ ቦታው እንዳልነበረ ግን አምኗል። ከዚያ እኛ ያላወቅነውን ነገረን፤ ራውንድ ላይ መልስ ያጣችው ባልደረባው ሰዓቷን ያስፈረመችው ፈጽሞ በማያያት ሰው ነበር፤ ያንን ከ6ኛዋ ጽሑፍ ጋር ሲያስተያየው ንዴቱ ወደ ትክክለኛው ቦታ እንደሄደ ጻፈ። 9ኛዋ የምስጋና ምልክት ብቻ አስቀመጠች። ከሁለቱ ከዚህ በላይ የሚጠበቅ አልነበረም።

መልስ 21

6ኛዋ እንደገና። ለክሩ ሳይሆን ለእኔ ነው የጻፈችው። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለማንኛዋም ፕሪሴፕተር ጽፌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጻፍኩም ነበር። ለትምህርት ቤቶች አራት ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ፤ ለሚያየኝ ሰው ግን አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩም።

ያን ዕለት ማታ በአካባቢዬ ለምትሠራ አንዲት ባለሙያ አንድ ገጽ ጻፍኩ። 6ኛዋ እንደተቸቻቸው ደብዳቤዎች እንዳይሆን በመጀመሪያው ሴሚስተር ምን መማር እንዳለብኝ፣ የትኞቹን ቀናት መምጣት እንደምችል፣ ምን እንደምችልና ምን እንደምፈራ አስቀመጥኩ። የምፈራው ውስጥ ያ ፈገግ ብሎ የሚገባው በሽተኛ አለበት። መልሷ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የጻፍኳቸው ቀናት የተረኝነት ማግስት መሆን አለመሆናቸው ነው፤ ሌሊት ሙሉ ያልተኛ ተማሪ አጠገቧ እንዲቆም አትፈልግም። ሁለተኛው የኃላፊነት መድኑ በትምህርት ቤቱ ይሁን በእኔ ስም የሚል ነው።

ቀናቱን በዚያው ሰዓት አስተካክዬ ላክሁላት። ስለ መድኑ ለአራቱም ትምህርት ቤቶች ጽፌያለሁ፤ እስካሁን የመለሰው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የማስታወቂያ ብሮሹሩን እንደገና ነው የላከልኝ።